የእማዬ የልደት ቀን በቆንስላው ፊት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዩሊየን፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እትዬ? ያ የተጠገነው ዳሌሽ እንዴት ነው? ያለ ምርኩዝ ከኩሽና እስከ በረንዳ መሄድ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? ባለቤትሽ ጋሼ ቦወንስ፣ ያ የክረምት ሳሉ ተወው? ልጅሽ ዪንግዪንግ ደህና ናት? ትንሹ ልጇ ማቴዎ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና ድዱን ነው የሚያሳየው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም። ባለቤቴ ፉሊንም ደህና ነው፣ ሩዝና ዓሣ በሚያረባበት ማሳው ውስጥ ጭቃ ለጭቃ ሲል ነው የሚውለው። እማዬ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያጉረመርማል እንጂ ምግብ ይበላላታል፣ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እኔን መቆጣትም አላቃታትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። አንደኛ፣ በስልክ ታቋርጪኛለሽ። «ሹፌን፣ ወደ ነገሩ ግቢ» ትዪኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም፤ እስክጨርስ ማንበብ ግዴታሽ ነው። ሁለተኛ፣ ቪዛው ተሰጠ ብዬ የደወልኩልሽ ቀን አንቺ ስታለቅሺ፣ እኔ ሳለቅስ፣ ቁም ነገር ሳናወራ ተዘጋ። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን እማዬ «ለዩሊየን አትንገሪያት፣ ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነው» ብላ አፌን የያዘችው ጉዳይ ነው። ለእኔ አፍ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ትናንት «በይ አሁን ጻፊላት» ብላ ፈቀደችልኝ፤ እነሆ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ብዕሬ አላረፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቪዛ ሊቀር ነበር እትዬ። ለጥቂት ነው የተረፍነው። ሊቀር የነበረውም ባንቺ ጥንቃቄ ነው። አትደንግጪ፣ አሁን እኮ ስቄ ነው የምጽፍልሽ!

ሐኪሙ ዘንድሮ አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ክልክል ነው ካለሽ ቀን ጀምሮ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ «እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ። ሰማንያ ዓመቴን ያለ ዩሊየን አላከብርም።» በሰባ ምናምን ዓመቷ ከአውራጃው ወጥታ የማታውቅ ሴት! እኔም ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። የቤተሰብ መዝገብ ደብተሩ፣ የኢንሹራንሱ፣ የጡረታዋ፣ የአውሮፕላን ቀጠሮው፤ ከዚያ ደግሞ አንቺ ልጇ መሆንሽን የሚያረጋግጥ፣ ማህተም ያለበትና በናንተ አገር በስፔን ቋንቋ የተተረጎመ ወረቀት። እማዬ ይህን ስትሰማ «እኔ ዩሊየንን ሳምጥ ይሄ ማህተም መቺ የት ነበር?» አለች። ፎቶ ቤት ስንሄድ ደግሞ ፎቶ አንሺው ሳያስፈቅደን መጨማደዷን በሙሉ አጥፍቶ፣ አገጯ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ሳይቀር ጠርጎ አወጣው። እማዬ ፎቶውን አየችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብላ መለሰችለት። እኔም ቆንስላው የሚፈልገው ከነመጨማደዷ ነው ብዬ ድጋሚ አስነሳኋት።

ሻንጋይ የሄድነው ከጨረቃው አዲስ ዓመት በኋላ ነው። ፈጣኑ ባቡር ላይ እማዬ መስኮቱን ተጠግታ ተቀምጣ፣ ያቺን የጨርቅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ደረስን። እኔ ግን አንቺን ነበር የማስበው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ላይ ያንቺን ቪዛ ልንጠይቅ ሁለታችን በዘገምተኛው ባቡር ቆመን የሄድነውን ታስታውሻለሽ? ያኔ ወረፋው አስፋልት ዳር ነበር። ሰዉ ዱካ እየያዘ፣ ጋዜጣ እያነጠፈ ዛፎቹ ስር ይደረደራል። በሻይ የተቀቀለ እንቁላል ገዝተን አንቺ መብላት አቅቶሽ የራስሽንም ለእኔ ሰጠሽኝ። የኔን አዲስ ጫማ ተውሰሽ ነበር፣ ጠቦሽ ታነክሺ ነበር። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ እጄን ጨመቅሽኝና «ካልተሳካልኝ ደስ ይለኛል፣ ከተሳካልኝም ደስ ይለኛል» አልሽኝ። ተሳካልሽ። እኔም እንቁላሉን ሁሉ በልቼ መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ።

አሁን ሁሉ ነገር ተለውጧል። አስፋልት ላይ የሚቆም የለም። ቆንስላው ራሱ ማመልከቻ አይቀበልም፤ የሚቀበል ማዕከል አለ፣ ትልቅ ፎቅ ውስጥ። ቀጠሮውን ከወዲሁ በስልክ ነው የምትይዢው። ስትገቢ ቁጥር ይሰጡሻል፣ ቁጥርሽ ሰሌዳ ላይ ሲበራ ወደ መስኮት ትሄጃለሽ። ከፊታችን አንድ አስጎብኚ ሃያ ፓስፖርት በላስቲክ አስሮ እንደ ካርታ ይቆጥራል፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ሽርሽራቸውን ወረቀት ይዘው ይነታረካሉ። «ሆቴሉን በስምህ ያዝ አላልኩህም?» ትለዋለች። አንዱ ተማሪ ደግሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መልሱን ያጠናል። ያንቺን ፊት በሁሉም ላይ አየሁት እትዬ። ሰሌዳና ሶፋ መጣ እንጂ ፍርሃቱ ያው ነው።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ጥሩ ልጅ ናት። ወረቀቶቻችንን አንድ ባንድ እያየች በእስክሪብቶ ትክክል ምልክት ታደርጋለች። እኔም በየምልክቱ ልቤ ይረጋጋል። ካንቺ የመጣው፣ የፖሊስ ማህተም ያለበት የግብዣ ወረቀት ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። ፓስፖርቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየች። «አክስቴ፣ እዚህ እኮ ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉት» አለችኝ። «ፓስፖርት ያላት ሴትዮ የተወለደችው ማርች ስምንት ነው። ልጅቷ የጋበዘቻት ሴትዮ የተወለደችው ኤፕሪል ዘጠኝ ነው።»

ገባሽ እትዬ? መንደራችን ሁሉ እንዴት እንደተመዘገበ ታውቂያለሽ። ያኔ መዝጋቢው ሲመጣ እማዬ «የሦስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን» አለችው፣ በጨረቃ አቆጣጠር ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ እንደ መንግሥት አቆጣጠር ቆጥሮ ማርች ስምንት ብሎ ጻፈው፤ እስከዛሬም ማርች ስምንት ሆኖ ቀረ። አንቺ ግን ነገር የምታጠሪ ሰው ነሽ፤ ፈረንጅ ፖሊስ ፊት እማዬን በተሳሳተ ቀን አላስወልዳትም ብለሽ ዓመቱን አስልተሽ እውነተኛውን ቀን ጻፍሽ። ሰነፍ ብትሆኚ ኖሮ ፓስፖርቱን ገልብጠሽ ትልኪና ሁላችንም እንገላገል ነበር!

ልጅቷን «አዲስ የግብዣ ወረቀት ብናስመጣስ?» አልኳት። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ። ያንቺኛው ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ወር እንደፈጀ አስታወስኩ። ሁለት ወር ማለት የእማዬ ሰማንያኛ አለፈ ማለት ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አክስቴ፣ እኛ እዚህ እንሰበስባለን እንጂ አንፈርድም፤ የሚፈርደው ቆንስላው ነው። እንዳለ ላስገባላችሁ፣ ልዩነት አለው ብዬ ግን መጻፍ አለብኝ» አለች። እማዬ ጆሮዋ አልሰማም ብዬ ነበር። ሰምታ ኖሯል። «ታስገባው» አለች። «እኔ አንድ ሴት ነኝ።»

አሻራ የሚሰጥበት ክፍል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እማዬ ጣቷን መስታወቱ ላይ ታስቀምጣለች፣ መሣሪያው ቀይ ያበራል። እንደገና፣ አሁንም ቀይ። ጎረምሳው ሠራተኛ ቅባት ቀባት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላት፣ ትንፋሿን እፍ አስባላት። «እማማ፣ አሻራዎን የት ጣሉት?» አላት። እሷም ትክ ብላ አይታው «ድንጋይ ላይ» አለችው። እውነቷን ነው። አባታችን የቀረጸውን ድንጋይ ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰችው እሷ ናት። ታስታውሻለሽ እትዬ፣ ግቢው ውስጥ ሦስታችን ያንን ገንዳ ከብበን፣ በጥር ብርድ እጃችን ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ የፈረሱን ጋማና የሎተስ አበባውን ቅጠል ስንፈትግ? የኔ እጅ ሲቆረፍድ ብብትሽ ውስጥ ትከቺልኝና «ስትሞቂ ንገሪኝ» ትዪኝ ነበር። እኔ ሞቆኝም ዝም እል ነበር። ይህን እስከዛሬ አልነገርኩሽም። መሣሪያው በመጨረሻ ሁለት አውራ ጣትና አንድ ሌባ ጣት አነበበ። ጎረምሳው «ለሰማንያ ዓመት ሰው ይበቃል» ብሎ ሸኘን።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ ቆንስላው ራሱ ለቃለ መጠይቅ ይፈልጋችኋል ተባለ። ፉሊን «ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም» አለ። እኔም «አንተ ዓሣህን ጠብቅ» አልኩት።

የጠየቀችን ሽበት የጀመራት ፈረንጅ ሴት ናት፤ ቻይንኛዋ እንደ ሬዲዮ አንባቢ ነው። አጠገቧ የሻንጋይ ልጅ የሆነች ወይዘሪት ጉ የምትባል ጸሐፊ ተቀምጣለች። እማዬ ሌላውን ለቃቅማ ብትሰማም ከመንደራችን ቋንቋ ሌላ ስለማትናገር ማስተርጎም በእኔ ላይ ወደቀ። ገና መቀመጫዬን ሳላሞቅ ስለ መዝጋቢው፣ ስለ መንደሩ፣ ስላንቺ ዳሌ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ማስረዳት ጀመርኩ። ሴትዮዋ እጇን ከፍ አደረገችና በትሕትና «ወይዘሮ ሹፌን፣ እናትዎ ያሉትን ብቻ ይተርጉሙልን፣ ምንም አይጨምሩ» አለችኝ። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም!

«የተወለዱት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ማርች ስምንት በዪ ብዬ ባቡሩ ላይ መቶ ጊዜ አስጠንቻት ነበር። እማዬ ግን ቀና ብላ «በውሻው ዓመት፣ በሦስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን፣ ትንንሾቹን ዓሦች የሩዙ ማሳ ውስጥ በሚለቁበት ሰሞን» አለች። ዓመቱን በእንስሳ ስም እንደምንጠራ ሳላስረዳ ተረጎምኩ፤ ምን ላድርግ! «ዕድሜዎ ስንት ነው?» «ሰማንያ።» ሴትዮዋ ፓስፖርቱን አየችው፤ ፓስፖርቱ ሰባ ስምንት ነው የሚለው። ሲወለዱ አንድ፣ ዓመት በጠባ ቁጥር አንድ ብለን እንደምንቆጥር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ አየችኝ፣ ዘጋሁት። እንግዲህ ሁለት ልደት፣ ሁለት ዕድሜ፣ ግማሽ አሻራ። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ሴትዮዋ «ልጅዎ ግን ኤፕሪል ዘጠኝ ብላ ነው የጻፈችው። ልጅዎ የእናቷን ልደት አታውቅም?» አለቻት። ይህን ለመተርጎም ምላሴ ከበደኝ። እማዬ ስትሰማው ፊቷ ቀላ። «ዩሊየን? ዩሊየን ልደቴን አታውቅም?» አለችና ያቺን የጨርቅ ቦርሳ ከፈተች። ለማስረጃ አምጥታው እንዳይመስልሽ። ቤት ዘግታ ስትወጣ ትታው መሄድ ስለማትወድ ገበያም ቢሆን ይዛው ነው የምትዞረው። ያንቺን የልደት ካርዶች ከነፖስታቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም አሉ፤ የባሕር ወደብ ያለበት ቴምብር፣ የብርቱካን ዛፍ ያለበት ቴምብር፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዕርሽ ያለቀሰበት።

ወይዘሪት ጉ አንዱን አንሥታ ማንበብ ጀመረች። ያው ታውቂዋለሽ የጻፍሽውን፦ «ለእማዬ፣ ለሦስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን።» ከስሩ ደግሞ በትንሹ ያ የማይቀረው ጥንቃቄሽ፦ «ዘንድሮ የሚውለው ማርች ሠላሳ አንድ ነው።» ሌላኛው ኤፕሪል ስምንት፣ ሌላኛው ኤፕሪል ሃያ ሰባት፣ ሌላኛው ኤፕሪል አሥራ ስድስት። ወይዘሪት ጉ ስልኳ ላይ የጨረቃ መቁጠሪያ ከፍታ አንድ ባንድ ታመሳክራለች፣ «ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ይሄም ልክ ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ እየደመቀ መጣ። በመጨረሻ ወደ ኋላ፣ እማዬ ወደተወለደችበት ወደ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ሄደችና ከወንበሯ ብድግ አለች። «ኤፕሪል ዘጠኝ!» አለች። «ልጅቷ ስሌቷ ትክክል ነው። የዚህ ቤተሰብ ጥፋቱ ልክ መሆኑ ነው!» ፈረንጇ ሳቀች። እኔ ግን መጨመር ስለተከለከልኩ አልሳቅኩም።

ሴትዮዋ ፖስታዎቹን በዓመታቸው ተራ ስታስተካክል አንድ ነገር አየች። «የሁለት ሺህ አሥራ አራት የለም» አለች። «የዚያን ዓመት ረስታ ነበር?» እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «አባቷን ልትቀብር መጥታ እስከ ልደቴ ቆየች። ሰው ራሱ ሲመጣ ካርድ ምን ያደርጋል?» አለች። ይህን ስተረጉም አለቀስኩ እትዬ፤ መጨመር ባልችልም ማልቀስ አልተከለከልኩም። ሴትዮዋ ፖስታዎቹን ሰብስባ ለእማዬ መለሰችላት። ከዚያ ወይዘሪት ጉ ስለ ሁለቱ ቀኖች የማብራሪያ ወረቀት እንድታዘጋጅ አዘዘቻት። እኔ ፈረምኩ፣ እማዬ በቀይ ቀለም አውራ ጣቷን አተመች፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው ምንም መስመር የሌለበት፣ እንደ ባቄላ የለሰለሰ ቀይ ነገር ነው። ሴትዮዋ እሱን አይታ ፈገግ አለችና «ውሳኔው በፖስታ ይደርሳችኋል» ብላ ሸኘችን። እሺም እምቢም አላለችም።

አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅን። አንቺ በየቀኑ እየደወልሽ «ምን አሉ?» ስትዪኝ እኔ «እያዩት ነው» እያልኩ እደብቅሽ ነበር፤ ይቅር በዪኝ። እማዬ በር ላይ ካለችው ድንጋይ አልተነሣችም። ፖስታ አድራሹ በሞተሩ ሲያልፍ «እማማ፣ ዛሬም ባዶ እጄን ነኝ!» እያለ ይጮኽላት ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሲወርድ ሳየው ገባኝ። እማዬ ፖስታውን እኔ እንድከፍት አልፈቀደችም። ራሷ ቀደደችው፣ ፓስፖርቱን ገልብጣ ገልብጣ ቪዛው ያለበትን ገጽ አገኘችና «የቱ ጋ ነው ዩሊየን የሚለው?» አለችኝ። የትም አይልም። እኔ ግን ስፔን የሚለው ላይ ጣቷን አስቀመጥኩላትና «ይኸው» አልኳት።

በየዓመቱ የምናደርገውን የመቃብር ጽዳት ዘንድሮ አስቀድመን አደረግነው፤ በዕለቱ እሷ እዚያ ስለምትሆን። አረሙን ነቅለን፣ ለሙታን የሚቃጠለውን ወረቀት አቃጥለን ስንጨርስ ለአባታችን «ዩሊየን ጋ ደርሼ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ሹፌን ታዋራሃለች» አለችው። ፉሊን «እንግዲህ አባባ ዕረፍት የላቸውም» ብሎ አሳቀን። ስንመለስ ማሳው ውሃ ሞልቶ ሰማዩ ውስጡ ይታይ ነበር። አንቺና እኔ ቅርጫት ይዘን ትንንሾቹን ዓሦች የምንለቅበት ያ ጥግ አሁንም እንዳለ ነው፤ የምትቆሚበት ድንጋይ እንኳ አልተነቀነቀም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስታው እንዳለ ሆኖ ሳስበው እማዬ ስትሄድ ቤቱ ይሰፋብኛል። ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የኔ ብቻ ሆና ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ያንቺ ተራ ነው። ብቻ ስትሞቂ ንገሪኝ።

የምትነሣው ማርች ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ከወንዝ ማዶዋ ከሚንሺያ ጋር፤ እሷም ሱቋን ልትከፍት ወደ ቫሌንሲያ እየተመለሰች ነው። እማዬ በሩዝ ገለባ ጭስ ያደረቅኩትን ዓሣ፣ የስኳር ድንች ፓስታም ይዛ ትመጣለች። አውሮፕላን ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር አታምጪባት፣ ትቆጣለች። የሦስተኛው ወር ስምንተኛ ቀን ዘንድሮ የሚውለው ኤፕሪል አምስት ነው፤ አስልተሽው ይሆናል እንጂ አንቺን ማን ያስተምርሻል! ቆንስላው በሰጣት ቪዛ ላይ ግን ማርች ስምንት ነው የሚለው፤ እማዬም «ይበሉ፣ ለነሱ ማርች ስምንት ልሁንላቸው» ብላለች።

ጋሼ ቦወንን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ፣ ሳሉን በዝንጅብል ይያዘው። ዪንግዪንግን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ባሏንም ቋንቋችንን ባያውቅም ሰላም በዪው። ማቴዎን ደግሞ ቅድመ አያቱ የምትይዝበት እጅ ሸካራ ሳይሆን ለስላሳ መሆኑን ንገሪው። ፉሊን «ለእትዬ ስገጂልኝ» ብሏል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ያህል ነው የምትጽፊው፣ እኔ ቀድሜው ልደርስ ነው» እያለች ትቆጣኛለች፤ ላንቺ ግን አንድ መልእክት አላት፣ እንዳለችው ነው የምጽፈው፣ አልጨምርም፦ ዘንድሮ ካርድ እንዳትልኪ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ፣
ሹፌን

ቺንግቲየን፣ ሺዋን መንደር
ማርች 6 ቀን 2025፤ በጨረቃ አቆጣጠር የሁለተኛው ወር ሰባተኛ ቀን። ሁለቱንም የጻፍኩት የጻፈችልሽ ሴት አንድ መሆኗን ማንም እንዳይጠራጠር ነው።